ወደ ምድብ ቦታችን የምንይዘው ቢላዋ የትኛው ይሁን?

ሥልጠናው አልቆ ምደባ ሲወጣ ሻንጣችን ውስጥ ምን ምን መግባት እንዳለበት በየመኝታ ክፍላችን መወያየታችን የታወቀ ነው። ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጠንካራ ጫማ፣ የራስ ምታት ክኒን ይጠራል። ቢላዋ የሚል ሰው ሲገኝ ግን «ከማን ጋር ልትጣላ ነው?» ተብሎ ይሳቃል። እኛ በበኩላችን ነገሩ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም። መኪና ወደማይደርስበት ትምህርት ቤት የተመደበ መምህር ከጠመኔ ቀጥሎ አዘውትሮ የሚጨብጠው ዕቃ ቢኖር ቢላዋ ነው።

እስቲ ሥራውን እንቁጠረው። የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ በአብዛኛው የሚዘጋጀው ከአካባቢው በሚገኝ ነገር ነው። የመቁጠሪያ ዘንግ ከቀርከሃ ይቆረጣል፣ የፊደል ካርድ ከካርቶን ይወጣል፣ ሰሌዳ ላይ ማመልከቻ የሚሆን ዘንግ ይጠረባል። ማታ ደግሞ ሽንኩርቱ አለ፣ ድንቹ አለ፣ እሳት ማያያዣ ጭራሮው አለ። ይህን ሁሉ ብዙዎቻችን በምላጭ ለመወጣት እናስባለን። ምላጭ እኮ እጀታ የለውም! በሁለቱም ወገን ይቆርጣል፤ ጠንከር ያለ ነገር ሲገጥመውም ይሰበራል። ተማሪዎች እርሳስ ሲቀርጹበት ጣታቸውን የሚቆርጡትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቢላዋ ያስፈልጋል ካልን የትኛው ይሻላል ወደሚለው እንለፍ። በመጀመሪያ ሰንጢንና የማይታጠፍ ቢላዋን መለየት ይገባል። ሰንጢ ኪስ ይገባል፣ ቀላል ነው፣ ለእርሳስና ለገመድ ይበቃል። ጉድለቱ ያለው መታጠፊያው ላይ ነው። አቧራና የሽንኩርት ውኃ እዚያ ይገባና ይዝጋል። መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ደግሞ ጫፉን ወደፊት ገፋ አድርገን ስንሠራበት ወደ ኋላ ታጥፎ ጣት ላይ ሊዘጋ ይችላል። የማይታጠፈው ቢላዋ ግን ከጫፍ እስከ ጭራ አንድ ብረት ስለሆነ የሚላላ ነገር የለውም፤ ሲቆሽሽ ማጠብና ማድረቅ ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት ሁለት ዕቃ ለመግዛት አቅም የሌለው ሠልጣኝ የማይታጠፈውን ይምረጥ።

የማይታጠፍ ሲባል ግን ጩቤ ማለታችን አይደለም። ጩቤ በሁለት ወገን የተሳለ ነው፤ የተሠራውም ለመውጋት ነው። የአፋሮቹ ጊሌም እንዲሁ ባለ ሁለት ስለት ነው፤ በወገብ ሲታጠቁት የክብር መሣሪያ ነው፣ ድንች ላላጥበት ማለት ግን አያስኬድም። እንጨት ስንቀርጽ አውራ ጣታችን የቢላዋውን ጀርባ ይገፋል። ጀርባውም ስለት ከሆነ ጣቱ የት ይረፍ? ስለዚህ አንድ ስለት፣ ደንዳና ጀርባ ያለው ይሁን።

ርዝመትን በተመለከተ ገበያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወደ ትልቁ በማድላት ነው። ለእርድ የሚሆነው ካራ ለእርድ ጥሩ ነው፤ እርሳስ ለመቅረጽ ግን ጫፉ ከእጃችን በጣም ስለሚርቅ አይታዘዝም። ለእኛ ሥራ የስለቱ ርዝመት ግማሽ ስንዝር፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ውፍረቱም ከጀርባው በኩል ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ስድስት ሚሊ ሜትር የሆነ «ጠንካራ» ቢላዋ አንዳንዱን ያስደስተዋል። ሽንኩርት ሲመጣ ግን አይቆርጠውም፣ እንደ ፍልጥ ይሰነጥቀዋል እንጂ።

ሦስተኛው ነገር ዓይን የማያየው ነው። ይኸውም ወደ እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ነው። በርካሽ ቢላዋዎች ይህ ጭራ ቀጭንና አጭር ሆኖ ፕላስቲክ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ጠንከር ያለ ሥራ ሲመጣ እጀታው ይወዛወዛል፣ ከዚያም ብረቱ ይወጣል። የሚሻለው ጭራው እንደ እጀታው ሰፍቶ እስከ መጨረሻው ሲሄድና በግራና በቀኝ እንጨት ተደርጎለት በምስማር ሲመታ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ከጎኑ ስናየው ብረቱ በሁለቱ እንጨቶች መካከል እንደ መስመር ይታያል። የፊንላንድ ሰዎች ፑኮ የሚሉት ቢላዋ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው፤ ጭራው ቀጭን ቢሆንም እጀታውን በስቶ በማዶ ይወጣና ጫፉ ተቀጥቅጦ ይደፈጠጣል። ያም ይጸናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ብረቱ እንግባ። ሱቅ ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የማይዝገው የቱ ነው?» ብለን ነው። የማይዝግ ብረት ታሪክ እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ሃሪ ብሬርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በሼፊልድ ከተማ የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ የሚረዳ ብረት ሲፈልግ ክሮሚየም የበዛበት ብረት እንደማይዝግ አስተዋለ። ብዙም ሳይቆይ ሼፊልድ ውስጥ የገበታ ቢላዋ ይሠራበት ጀመር። ዛሬ ብረቱ የማይዝግ ለመባል ቢያንስ ከመቶ 10.5 ክሮሚየም ሊኖረው ይገባል። ክሮሚየሙ በአየር ላይ እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ይሠራና ዝገቱን ይከላከላል።

ነገር ግን አለመዛግና ስለት መያዝ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ስለት የሚይዘው ብረቱ በቂ ካርቦን ሲኖረውና በእሳት ሲጠነክር ነው። ጥሩ የማይዝግ ቢላዋ ሁለቱንም ያሟላል፤ ርካሹ ግን ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ነውና በሳምንቱ ይዶለድማል። በካርቦን የሚተማመነው አረብ ብረት ደግሞ በተቃራኒው ስለቱን ይይዛል፣ በማንኛውም የመሳያ ድንጋይ ቶሎ ይሳላል፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ ግን ይዝጋል። ምርጫው እንግዲህ በእነዚህ መካከል ነው።

በወሬ ብቻ እንዳይቀር በመኝታ ክፍላችን አራት ዓይነት ሰብስበን አንድ ወር ያህል ተገልግለንባቸዋል። አንደኛው ከገበያ የተገዛ፣ ባለ እጅ ከመኪና ባሌስትራ የሠሩት ነው። ሁለተኛው ባለ ፕላስቲክ እጀታ፣ የሚያብረቀርቅ የሱቅ ቢላዋ ነው። ሦስተኛው አንድ መምህራችን ያዋሱን፣ ሞራ ከሚባለው የስዊድን ከተማ የመጣው የታወቀው ቢላዋ ሲሆን አራተኛው ሰንጢ ነው። ድንች ላይ የሱቁ አንደኛ ወጣ፤ ቀጭን ነውና። ቀርከሃ ስንሰነጥቅ ግን በሁለተኛው ቀን እጀታው ተነቃነቀ። ሰንጢውን ለመሰንጠቅ አልደፈርንም። የባለ እጁ ቢላዋ ጀርባው ወፍራም ስለነበረ በእንጨት እየመታነው ቀርከሃውን እንደ ወረቀት ከፈለው፤ ሽንኩርት ላይ ሸካራ ነበር። የሞራው በእንጨት ቀረጻ የሚደርስበት አልተገኘም። ስለቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጭራው እስከ እጀታው መጨረሻ ስለማይደርስ ግን እንደ ባለ እጁ ቢላዋ በዱላ ለመመታት አልተሠራም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳንጠቅስ አናልፍም። የባለ እጁ ቢላዋ ሽንኩርትና ሎሚ ከቆረጠ በኋላ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ጓደኞቻችን «ተበላሸ» ብለው ነበር። ብልሽት አይደለም። ግራጫውና ጥቁሩ ቀለም ብረቱን አይበላም፣ እንዲያውም ጥቂት ይከላከልለታል። የሚበላው ቀዩ ዝገት ነው።

ታዲያ የእኛ ፍርድ ወደ ባለ እጁ ያደላል። ሱቅ ያለው ሌላ ሰው ለሌላ ሥራ የሠራው ነው፤ ባለ እጁ ግን ያዘዝነውን ይሠሩልናል። ርዝመቱን በወረቀት ስለን፣ ውፍረቱ እንዲቀጥን፣ ጭራው እንዲሰፋ፣ እጀታው ወይራ እንዲሆን ብንነግራቸው የአገሩን ሥራ ከማንም በላይ ያውቁታል። መጠየቅ ያለብን ከምን ብረት እንደሚሠሩት ነው። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ስላለው በእሳት ይጠነክራል። የቤት መሥሪያ ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ምንም ቢቀጠቀጥ ስለት አይዝም። ሁለቱም ተስለው ሲያብረቀርቁ በዓይን አይለዩም። መለያው ሞረድ ነው። ስለቱ አጠገብ በሞረድ ቀስ ብለን ብንሞክረው የጠነከረው ብረት ሞረዱን ያንሸራትተዋል፤ ለስላሳው ግን ይነከሳል። ገበያ ሞረድ ይዞ መሄድ ያሳፍራል የሚል ካለ፣ ፌሮ ገዝቶ ከመመለስ ይህ ይሻላል እንላለን።

የማጠንከሩ ሥራ ራሱ የሳይንስ ትምህርት ነው። ብረቱ በወናፍ ከሰል ላይ ደማቅ ቀይ እስኪሆን ይግላል። በ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማግኔት መሳብ ያቆማል፤ ባለሙያው ይህንን የሚያውቁት ግን በቀለሙ ነው። ከዚያም ዘይት ውስጥ ይነከራል። በዚህ ጊዜ ብረቱ ጠንካራ ቢሆንም እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለሆነም እንደገና በለዘብተኛ እሳት 200 ዲግሪ ያህል ይሞቅና የተወለወለው ፊቱ የገለባ ቀለም ሲይዝ ይተዋል። ይህ ሁለተኛው ማሞቅ የተዘለለበት ቢላዋ ሲወድቅ ይሸረፋል። «ሁለተኛ አሙቀውታል ወይ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለውም፤ ባለሙያው ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቆጡም።

በአክብሮት ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችን ቀጥቃጭን በንቀት ሲጠሩ እየሰማን ነው ያደግነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን በአንዳንድ አካባቢ ዛሬም ይሰማል። መምህሩ ቢላዋውን ከእርሳቸው ገዝቶ ልጃቸው ክፍል ውስጥ ሲሰደብ ዝም ካለ ምን ይባላል?

ውጭ አገር ዘመድ ያለውና «ምን ላምጣልህ?» የተባለ ሠልጣኝ የሞራውን ቢጠይቅ አይከፋም፤ ከውድ ዕቃዎች ወገን አይደለም። የሚዝገውም የማይዝገውም ይሸጣል። ምድቡ እንደ ጋምቤላ ሞቃትና እርጥበታማ አገር ከሆነ የማይዝገውን፣ ደረቅ ደጋ ከሆነ የካርቦኑን ይበል። የሞራ ሌላው ጥቅም ለጀማሪ መሳሉ ቀላል መሆኑ ነው። የስለቱ ጠርዝ ሰፊና ለጥ ያለ ስለሆነ ድንጋዩ ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ማዕዘኑን ራሱ ይጠብቃል። በሌሎቹ ግን ማዕዘኑን የምንይዘው እኛ ነን። ለዚህም የሒሳብ ዘዴ አለ፤ የወረቀት ጥግ 90 ዲግሪ ነው፣ አንዴ ቢታጠፍ 45፣ ሁለቴ ቢታጠፍ 22.5 ይሆናል። ቢላዋው ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ድንጋዩ ላይ ይያዝ። የወንዝ ለስላሳ ድንጋይ በውኃ ረስርሶ ይበቃል፤ በመጨረሻ በቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ መጥረግ ነው። የዶለዶመ ቢላዋ ያነሰ ይቆርጣል ብሎ መዘናጋት አይገባም። በኃይል ስንጫነው የሚያመልጠን እሱ ነው።

ከሥራ በኋላ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ዘይት በጨርቅ መቀባት። አፎት ለመንገድ ነው። የካርቦን ቢላዋ ወራት ሙሉ ቆዳ አፎት ውስጥ ቢቀመጥ ቆዳው እርጥበት ይዞ ያዝገዋል። አውቶቡስ ስንሳፈር ወገብ ላይ ሳይሆን ሻንጣ ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይግባ፤ ፍተሻ ላይም ሳንጠየቅ እንናገር።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው። ቢላዋው የሚወጣው ሥራ ሲኖር ብቻ ነው፤ ስንቀርጽ ስለቱ ከሰውነታችን ወደ ውጭ ይሂድ፣ ከፊታችንም ልጅ አይቁም። ለሌላ ሰው ስናቀብል እጀታው ወደ ተቀባዩ ይዙር። ሥራው ሲያልቅ ጠረጴዛ ላይ አይቀርም። የሚቆለፍ ሳጥን ካለ እዚያ፣ ከሌለ በቤታችን የጣራው ማገር ላይ፣ የሕፃን እጅ ከማይደርስበት ይሰካ።