እምቢ ያለው ብሎን

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የቁም ሣጥኑ በር ወርዶ ወለሉን መጥረግ ከጀመረ ሰንብቷልና ዛሬስ ማጠፊያውን ላስተካክል ብለው ካቻቢቴ አነሱ። ሁለቱ ብሎኖች እሺ ብለው ዞሩ። ሦስተኛው ላይ ካቻቢቴው ቀጭ ብሎ አመለጠ። በጉልበት ደገሙት፤ አሁንም አመለጠ። ጎንበስ ብለው ሲያዩት መስቀል የነበረው የብሎኑ አናት ክብ ጉድጓድ ሆኗል። ይህ ያልገጠመው ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም።

እኛን የገጠመን በሕፃን አልጋ ነው። ልጃችን ያደገችበትን የእንጨት አልጋ ለታናሽ እህቴ ልንሰጥ ቃል ገብተን ነበር። የእሷ መውለጃ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ እኛ ደግሞ ቤት እየለቀቅን ነው፣ አልጋው ሳይፈታ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አይወርድም። አሥራ አምስት ብሎን ወጣ፤ አሥራ ስድስተኛው ተበላ። ባለቤቴ «በመጋዝ እንቁረጠው» አለ። እኔ ደግሞ መዶሻ ይዤ ቆሜያለሁ። አንዳችን ብንቀድም ኖሮ የአልጋው አጥር ተሰንጥቆ ይቀር ነበር። የሰፈራችን አናጢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሲመጡ መጀመሪያ የተናገሩት «የኔ ልጅ፣ በይ እጅሽን ከሱ ላይ አንሺ» የሚል ነበር።

እርስዎም ከዚሁ ይጀምሩ። ካቻቢቴው አንድ ጊዜ ሲያመልጥ ያቁሙ። እያንዳንዱ መንሸራተት ከብሎኑ አናት ብረት እየላጠ ይወስዳል፤ በአራተኛውና በአምስተኛው ሙከራ የሚይዝበት አይኖረውም። በ1930ዎቹ በአሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ ስም የታወቀው ባለመስቀል አናት ጎኖቹ ወደ ውስጥ እየጠበቡ ስለሚሄዱ፣ በደንብ ካልተጫኑት ሲያዞሩ ካቻቢቴውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ መጫኑን ያብዙ፣ ማዞሩን ያዝግሙ። ክርንዎን ከካቻቢቴው ጋር በአንድ መስመር ማድረግ ብቻውን ብዙ ያግዛል።

ሌላው ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር (እኔም አላውቅም ነበር) መስቀል የሚመስለው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ብሎኑን በስልክዎ መብራት ቀረብ ብለው ይዩት። በመስቀሉ ክንፎች መካከል ሌሎች አራት ቀጫጭን ጭረቶች ካሉት ፖዚድራይቭ የሚባለው ነው፤ በተለይ በቺፑድና በኤምዲኤፍ የኩሽና ካቢኔቶች ላይ ይበዛል። ለእሱ «ፒዜድ» ተብሎ የተጻፈበት ጫፍ ያስፈልጋል። በተራው «ፒኤች» ሲሞክሩት የገባ ይመስላል እንጂ በደንብ አይቀመጥም። ቁጥሩንም ይመልከቱ፤ ለአብዛኛው የቤት ዕቃ ብሎን ትክክለኛው ቁጥር 2 ሲሆን ቁጥር 1 ካስገቡ መብላቱ አይቀርም። አንዳንዴ ትክክለኛውን ጫፍ ማግኘት ብቻ ችግሩን ይጨርሰዋል።

ካልጨረሰው ደግሞ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂዱ። የብር ማሰሪያ ላስቲክ ብሎኑ አናት ላይ ዘርግተው በላዩ ካቻቢቴውን ጫን አድርገው ቀስ ብለው ያዙሩ፤ ላስቲኩ የተላጠውን ቦታ ይሞላል። የብሎኑ አናት ከእንጨቱ ከፍ ያለ ከሆነ በፒንሳ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ማዞር ይቻላል። የእኛው ሁለቱንም እምቢ አለ።

ያኔ ነው ጋሼ ከኪሳቸው ጣት የማታህል ብረት ያወጡት። የተበላ ብሎን ማውጫ ናት። ለቤት የሚመቸው ዓይነት ሁለት አፍ አለው፤ አንዱ ይቦረቡራል፣ ሌላው ይነክሳል። የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። ብሎን የሚፈታው ወደ ግራ ሲዞር ነው። የማውጫው ጥርስም ወደ ግራ የተጠማዘዘ ስለሆነ፣ ለመፍታት ባዞሩት ቁጥር ብረቱን ይበልጥ እየነከሰ ይገባል። ብሎኑ እምቢ ባለ መጠን እሱም ይጠብቃል።

ድሪሉን ወደ ግራ እንዲዞር ያድርጉ፤ ሁለቱም አፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በዚያው አቅጣጫ ነው። መጀመሪያ መቦርቦሪያውን ብሎኑ መሃል ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙና በዝግታ፣ ጫን ብለው ይቦርቡሩ። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆን ለስላሳ ጉድጓድ ሲወጣ ይበቃል። ከዚያ ጫፉን ገልብጠው መንከሻውን ያስገቡ፤ ድሪሉ እስከሚችለው ዝግ ይበል። መጀመሪያ ትንሽ ይንሸራተትና ድንገት ይይዛል፤ ብሎኑም አብሮ መዞር ይጀምራል። በፍጥነት ያዞረ ሰው ጉድጓዱን አስፍቶ መንከሻውንም አሙቆ ያደነዝዘዋል። እኔ የመጀመሪያውን እንደዚያ አድርጌ አበላሽቼዋለሁ፤ ጋሼ ምንም አላሉም፣ ተለቅ ያለውን ቁጥር አቀበሉኝ።

መነጽር ያድርጉ፤ የሚበተነው ብናኝ ብረት ነው። ልጆች በባዶ እግራቸው ከመግባታቸው በፊትም ወለሉን ይጥረጉ። ማውጫው ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ በተለይ ቀጭኑን ወደ ጎን ካጣመሙት ጉድጓዱ ውስጥ ይሰበራል፤ ያንን ደግሞ ተራ ፑንታ አይበሳውም። የብሎኑ አናት ጭራሽ ተቆርጦ ከወጣ ማውጫ አይፈልጉ። ሌሎቹን ፈትተው ጣውላውን ያንሱት፤ የቀረውን ጉቶ በፒንሳ ይዘው ያዙሩት። የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ከሆነ መጀመሪያ ብሬከሩን ያውርዱ። የጋዝ ምድጃ መስመርንና የመኪና ሞተርን ግን ለባለሙያ ይተዉ፤ እዚያ ስህተት የሚያስከፍለው ከአንድ ብሎን ዋጋ በላይ ነው።

የወጣውን ብሎን መልሰው አይጠቀሙበት። ሱቅ ይዘውት ሄደው በርዝመትም በውፍረትም እሱን የሚመስል ይግዙ። ቀዳዳው ከላላ ሁለት ሦስት ስቴኪኒ ኮላ ቀብተው ይክተቱበት፤ ሲደርቅ ትርፉን ቆርጠው አዲሱን ብሎን ያስገቡ። ለቁም ሣጥን በር ይህ ይበቃል። ለሕፃን አልጋ ግን አጥሩ ሲነቀነቅ ፈጽሞ መላላት ስለሌለበት፣ ጋሼ ቀዳዳውን በእንጨት ሽብልቅ ደፍነው እንደ አዲስ በስተውልናል።

አልጋው በማግስቱ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ እህቴ ቤት ደረሰ። ባሏ አሥራ ስድስቱን ብሎኖች ደርድሮ ድሪሉን ሲያስነሳ ከእጁ ወስጄ ካቻቢቴውን ሰጠሁት። ብሎን የሚበላው ሲፈታ ብቻ ሳይሆን በድሪል ከልክ በላይ ሲጠብቅም ነውና የመጨረሻዋ ዙር በእጅ ትሁን። ትንሽ አኮረፈ። ለማንኛውም ቁጥር 2 ፒዜድ መሆኑን አጥሩ ሥር በእርሳስ ጽፌለታለሁ፤ ይህ አልጋ ገና ብዙ ልጅ ያሳድጋል።