ዞማ ጠጉር እስኪያድግ ድረስ

በብዙ የደጋ አገሮቻችን ሴት የቅርብ ዘመድ ሲሞትባት ጠጉሯን መላጨት ወይም ማሳጠር የቆየ የሐዘን ልማድ ነው። ሐዘኑ አልፎ ጠጉሩ ማደግ ሲጀምር፥ ከርዳዳ ጠጉር ያላት ሴት ጎፈሬው እየከበበ ስለሚያድግ በየወራቱ ያምርባታል። ዞማ ጠጉር ያላት ግን ትቸገራለች።

የሰው ጠጉር በወር የሚያድገው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነውና፥ ከተላጨ ራስ ተነሥቶ ትከሻ ለመድረስ ከ2 ዓመት በላይ ይፈጃል። በእኛ አስተያየት ክፉው ጊዜ ከ4ኛው እስከ 10ኛው ወር ያለው ነው። ጠጉሩ ከጆሮ በላይ ይቆማል፤ ዐይን ላይ ይወድቃል፤ በማጅራት በኩል ይንጨባረራል፤ ሹሩባ ቢሠሩትም ሙልጭ እያለ ይፈታል። በመሥሪያ ቤትም፦ «አሁንም ሐዘን ላይ ነዎት?» የሚል አይጠፋም። ይህን ጥያቄ ሸሽተው እንደገና የሚቆርጡት ብዙዎች ናቸው፤ ጥያቄውም ከጠጉሩ ጋራ እንደገና ይጀምራል።

የሚሻለው በየ6 ሳምንቱ የማጅራቱን ብቻ ማስተካከል፥ የአናቱን ግን እስኪደርስበት መተው ነው። መቁረጥ እድገትን ያፋጥናል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ጠጉር የሚያድገው ከሥሩ ነውና። ቅቤ ለከርዳዳው መልካም ሲሆን ዞማውን ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ በጣት ጫፍ የተነካ ይበቃል። የጆሮውን በኩል በማስያዣ መያዝ ይቻላል።

ሻሽም ይረዳል። ጥቁር ሻሽ ግን ያንኑ ጥያቄ ይጠራል፤ ቀለም ያለው ቢሆን ጠያቂው መልሱን ከሩቅ ያየዋል።