አስም ምንድን ነው? መድኃኒቱንስ በረመዳን ማቆም ይገባል?



ረመዳን ሲቃረብ የአስም ሕመምተኞች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ፓፍ ፆም ያፈርሳል?» አንዳንዶች መልሱን ሳያጣሩ መድኃኒታቸውን ወሩን ሙሉ ያቆማሉ። ይህ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ በሽታው ሳንባ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት።

ሳንባ ውስጥ ምን ይከሰታል?

የምንስበው አየር ወደ ሳንባ የሚደርሰው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉና እየቀጠኑ በሚሄዱ ቧንቧዎች ነው። አስም ያለበት ሰው የእነዚህ ቧንቧዎች ውስጠኛ ግድግዳ የተቆጣና በቀላሉ የሚረበሽ ነው። አቧራ፣ ጭስ፣ የአበባ ብናኝ፣ ቀዝቃዛ አየር ወይም ጉንፋን ሲያገኘው ሦስት ነገሮች ይከተላሉ፦ በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ያብጣል፣ ወፍራም አክታም መተላለፊያውን ይዘጋዋል። በተለይ አየሩ ለመውጣት ይቸገራል። በዚህ ጊዜ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማል፣ ደረት ይጨነቃል፣ ሌሊትና ንጋት ላይ ሳል ይበረታል።

አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በቤተሰብ ውስጥ አስም ወይም አለርጂ መኖሩ ግን የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2019 እ.ኤ.አ 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455,000 ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል።

ሁለቱን መድኃኒቶች እንለይ

እንደ ሳልቡታሞል ያለው ፓፍ የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል። እብጠቱን ግን አያክመውም። እብጠቱን የሚቀንሰው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ሌላው ፓፍ ነው። እሱ ቀስ በቀስ ስለሚሠራ ሐኪም ባዘዘው መሠረት በየቀኑ፣ ደህና በሆንን ቀንም ጭምር ይወሰዳል። «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ምልክቱ ቢጠፋም ቁጣው ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። ከ2019 እ.ኤ.አ ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ አዋቂዎችና ወጣቶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዲታከሙ አይመክርም።

ፆምና ፓፍ

በዚህ ጉዳይ ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። ሸይኽ ኢብኑ ባዝና ሸይኽ ኢብኑ ዑሠይሚን ፓፍ ምግብም መጠጥም ስላልሆነ ለሚያስፈልገው ሰው ፆሙን አያፈርስም ብለዋል። ሌሎች ዑለማዎች ደግሞ በጉሮሮ አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ስላለው ያፈርሳል ይላሉ።

የየቀኑ መድኃኒት ጠዋትና ማታ የሚወሰድ ከሆነ፣ ሐኪምን አማክሮ ወደ ሰሑርና ኢፍጧር ሰዓት ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቻላል። ከቤክሎሜታዞን በኋላ አፍን መጉመጥመጥና ውሃውን መትፋት ያስፈልጋል። በፆም ሰዓት ትንፋሽ ካጠረ ግን መግሪብን መጠበቅ የለም፤ ወዲያውኑ ፓፉን መጠቀም ነው። ያፈርሳል የሚለውን አቋም የያዘ ሰውም ቢሆን ሕመም ዑዝር ነው፤ ቀኑን በኋላ ቀዷ ያወጣል። ነፍስን መጠበቅ ሸሪዓችን ከቆመላቸው ዓላማዎች አንዱ ነውና።

ሕመምተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ፓፉ ካላሻለው በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። እስኪደርስ ድረስ ቀና ብሎ ይቀመጥ እንጂ አይተኛ።

ሳል ሁሉ አስም አይደለም

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ በተለይ ከሌሊት ላብ፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ከደም ጋር ከሆነ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። ለዓመታት ሲጋራ ያጨሰ ወይም በእንጨትና በኩበት ጭስ ውስጥ እንጀራ ሲጋግር የኖረ ሰው ደግሞ ሌላ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ሊይዘው ይችላል። በዚህ በሽታ የአየር ከረጢቶቹ ስለሚጎዱ፣ እንደ አስም ቧንቧው ተመልሶ በደንብ አይከፈትም።

ስለዚህ የአስም ሕመምተኛ ባለበት ቤት ዕጣንና ቡኹር ባይጨስ፣ ከሰል ደጅ ቢቀጣጠል፣ ሲጋራና ሺሻም ጨርሶ ባይገቡ መልካም ነው። ቤተሰብን ከጉዳት መጠበቅ አማና ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይለግሳቸው። ወላሁ አዕለም።