የታጠፈው ጆሮ ምን ይዞ ይመጣል?

ስልካችሁ ላይ ሳታዩዋት አትቀሩም፦ ክብ ፊት፣ ትልልቅ ዓይን፣ ወደ ፊት ታጥፎ ጭንቅላቷ ላይ የተለጠፈ ጆሮ። ስኮቲሽ ፎልድ ትባላለች። ዘፋኟ ቴይለር ስዊፍትም አሏት። የዚህን ጆሮ ነገር ካወቅሁ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳልነግር ማለፍ አልቻልኩምና እናንተም ስሙኝ።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1961 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኩፓር አንገስ አጠገብ ካለ አንድ እርሻ ነው። ሱዚ የምትባል ነጭ ድመት ነበረች፤ ጆሮዋ የታጠፈ። ዊሊያም ሮስ የተባለ እረኛ አይቶ ወደዳትና ከልጆቿ አንዷን ወሰደ። ዛሬ ያሉት ስኮቲሽ ፎልዶች ዘራቸው የሚመዘዘው ከሱዚ ነው።

ጆሮው ለምን ታጠፈ? የድመትን ጆሮ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ለስላሳ አጥንት ነው፤ የራሳችሁን ጆሮ ጠምዘዝ ብታደርጉት ያው እሱ ነው እጃችሁ ላይ የሚመጣው። የሱዚ ዘሮች ይህ አጥንት በወጉ አይጠነክርላቸውም። ሲወለዱ ጆሯቸው እንደማንኛውም ድመት ነው፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው መታጠፍ ይጀምራል። ችግሩን የሚፈጥረው ጂን በ2016 ተለይቷል፤ ቲአርፒቪ4 ይባላል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ለስላሳ አጥንት ያለው ጆሮ ላይ ብቻ አይደለም። እግር ላይም፣ ጭራ ላይም፣ መገጣጠሚያ ባለበት ሁሉ አለ። ጆሮዋን ያጠፈው ጂን እዚያም ይደርሳል። በጣም የታመመችውን ድመት ጭራ ብትዳስሱት አጭር፣ ወፍራምና አልታጠፍ ያለ ነው። የኋላ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያብጣል፤ አጥንት ከአጥንት ይጣበቃል። መዝለል ትተዋለች። ድመት ደግሞ ሕመሟን ስለምትደብቅ ባለቤቷ «ረጋ ያለች ናት» ብሎ ያልፈዋል። ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል።

አርቢዎች መላ አግኝተናል ብለው ነበር። ጂኑን ከእናትም ከአባትም የወረሰች ክፉኛ ስለምትታመም፣ የታጠፈውን ጆሮ ቀጥ ካለው ጋር ብቻ ማዳቀል ያዙ። በ1999 ግን የአውስትራሊያ የእንስሳት ሐኪሞች ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱትም እንደሚታመሙ አሳዩ፤ ልዩነቱ ሕመሙ ቀለል ማለቱ ነው።

ከፐርሺያን ድመቶች ጋር አነጻጽሩት። እነሱም ኩላሊታቸው ውሃ በቋጠሩ ከረጢቶች የሚሞላበት የዘር በሽታ አላቸው። ጂኑ በ2004 ስለታወቀ፣ ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ናሙና ወስዶ መርምሮ፣ ያለባትን ከማራባት ማስቀረት ይቻላል። ፐርሺያኗ ውበቷ አይነካም። ስኮቲሽ ፎልድ ላይ ይህ አይሆንም፦ ጂኑን ካወጣችሁት ጆሮው ይቃናል። የተወደደው ጆሮ ራሱ በሽታው ነው። ኔዘርላንድስ ከ2014 ጀምሮ ማርባቱን የከለከለችው ለዚህ ነው።

ከዚያው ዘር ጆሯቸው ቀጥ ብሎ የሚቀርላቸውም አሉ፤ ስኮቲሽ ስትሬት ይባላሉ። ክብ ፊቱም፣ ትልልቁም ዓይን አላቸው፤ ጂኑ ግን የለባቸውም። ስኮቲሽ ፎልድ ልግዛ የሚላችሁ ወዳጅ ካለ፣ እነዚህን አሳዩት።