መጽሐፉ በነፃ፣ ወንበሩ በወረፋ

ስኳር በቀበሌ ሱቅ ይከፋፈል የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ነጋዴ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ዋጋው ከገበያው በታች የሆነ ሸቀጥ በገንዘብ ባይሆን በሰልፍ ይከፈልበታል። በአሜሪካ ለአዲስ መጤ ጎልማሶች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

በዲቪ ዕጣ ወይም በዘመድ ጥሪ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ያለው ቤተሰብ፣ ለቋንቋው ስንት ይዞ ይሂድ ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ጥያቄው ስለመማሪያ መጽሐፍ ከሆነ መልሱ «ምንም» ለማለት ይቀርባል። በካሊፎርኒያ የሳክራሜንቶ አውራጃ ትምህርት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የከፈተው «ዩኤስኤ ለርንስ» የተባለው ድረ ገጽ በቪዲዮ የታገዘ ትምህርት ያለክፍያ ይሰጣል። የአገሪቱ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎትም የዜግነት ፈተናውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፣ ለንባብና ለጽሕፈት የሚያስፈልጉትን ቃላት ጭምር በነፃ ያወጣል። ይህንኑ ጠርዞ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ወረቀቱን እንጂ እውቀቱን አይደለም።

እጥረቱ ያለው በመምህሩ በኩል ነው። አንድ ጽሑፍ ለሺህ ሰው ሊባዛ ይችላል፤ የመምህር አንድ ሰዓት ግን ከአንድ ክፍል አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የሠራተኛ ኃይል ሕግ መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ለጎልማሶች ትምህርት ለክፍላተ ግዛቱ ገንዘብ ይመድባል። ክፍለ ግዛቱም ከጠቅላላው ወጪ ቢያንስ 25 በመቶውን ከሌላ ምንጭ መሸፈን አለበት። በጀቱ የተወሰነ ነው፤ ፈላጊው ግን በበጀት ልክ አይመጣም። ዋጋ የማይለየውን ፈላጊ ወረፋ ይለየዋል።

በዚህ ገንዘብ የሚሠራ ትምህርት ቤት ተማሪውን ፈትኖ ከስድስት ደረጃዎች በአንዱ ይመድበዋል። ከተወሰኑ ሰዓታት በኋላ እንደገና ይፈትነውና መሻሻሉን ለገንዘብ ሰጪው ሪፖርት ያደርጋል። በመሆኑም የሚቀር ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ኪሳራ ነው።

ለተማሪው ደግሞ ደረሰኝ የማይቆረጥለት ወጪ አለ። በሳምንት 6 ሰዓት ለ30 ሳምንት የሚማር ሰው 180 ሰዓት ከሥራ ይቀንሳል እንበል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ባልተለወጠው 7.25 ዶላር የፌዴራል ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ብቻ ሲሰላ 1,305 ዶላር ይሆናል። ዝቅተኛው ክፍያ ከዚህ ከፍ ባለባቸው ክፍላተ ግዛት ሒሳቡም ከፍ ይላል። የትራንስፖርትና የልጅ ማስጠበቂያ በዚህ ላይ አልተጨመረም።

አለመማርም ቢሆን ዋጋ አለው። የዜግነት ማመልከቻ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በኢንተርኔት 710፣ በወረቀት 760 ዶላር ሆኗል። አመልካቹ ከሦስት ዓረፍተ ነገሮች ቢያንስ አንዱን አንብቦ፣ ከሌሎች ሦስት አንዱን በትክክል መጻፍ ይጠበቅበታል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 20 ቀን 2025 ወዲህ ያመለከተ ሰው በተጨማሪ ስለ አገሪቱ ታሪክና መንግሥት 20 ጥያቄ ቀርቦለት 12ቱን መመለስ አለበት፤ ቀድሞ ከ10 ስድስቱን መመለስ ይበቃ ነበር። የወደቀ ሰው ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ዕድል ያገኛል። ከደገመው ግን ማመልከቻውም ክፍያውም እንደ አዲስ ይጀመራል። ከእንግሊዝኛው ፈተና በዕድሜ ነፃ የሚሆኑት 50 ዓመት ሞልቷቸው 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት የኖሩ ናቸው።

እንግዲህ ለተጓዥ የሚያዋጣ ቤተሰብ ገንዘቡን በመጽሐፍ ላይ ባያውለው ይሻላል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ስንቅ ቢሆነው፣ ተጓዡ ሁለተኛ ሥራ ሳይደርብ ክፍል ሊገባ ይችላል። በደረሰ በሳምንቱ ግን መመዝገብ አለበት፤ ወረፋ ዘግይቶ በገንዘብ አይገዛም።