በጢስ የበሰለ ወርች በግማሽ ቀን

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የአሳማ ወርች በከሰልና በእንጨት ጢስ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ከዚያም በሹካ እየተበጣጠሰ ይበላል። በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲበስል ግን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። እንግዳ ለምሳ የጠራ ሰው ሌሊቱን እሳት ሲጠብቅ ያድራል ማለት ነው።

በብዙዎቻችን ቤት አሳማ አይበላም። ችግር የለም፤ የበግ ወይም የበሬ ወርችም እንዲሁ ይበስላል። በኬንታኪ ግዛት ኦወንስቦሮ ከተማ የታወቀው ባርቤኪው እንኳ የበግ ነው።

3 ኪሎ ገደማ የበሬ ወርች ጨውና በርበሬ ቀቡት። ስኳር አትጨምሩ፤ ቶሎ ያርራል። የምድጃውን የአየር ቀዳዳዎች ከፈት አድርጉ፤ አየር ሲበዛ እሳቱ ይበረታል። ሙቀቱ 150 ዲግሪ ሲደርስ ሥጋውን ከፍሙ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

የሥጋው ውስጥ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሙቀቱ መጨመር ያቆማል። ምክንያቱም ሥጋው እንደ እኛ ያልበዋል፤ እርጥበቱ ሲተን ያቀዘቅዘዋል። ያን ጊዜ በፎይል ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጠንካራው ጅማት ይለሰልሳል፤ ሹካ ያለ ትግል ይገባል። ይህ ሁሉ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። እንደተጠቀለለ 1 ሰዓት ይረፍ።

አንድ ነገር አደራ፦ ዝናብ ቢመጣም ከሰሉን ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ግን ይገድላል።

ጠዋት እሳት ያያያዘ ሰው ማታ ከእንግዶቹ ጋር እኩል ለእራት ይቀመጣል። እንጀራውን ብቻ አዘጋጁ!