ንጽሕናና መልካም ገጽታ በአነስተኛ ወጪ

በዛሬው ዝግጅታችን በአነስተኛ ገቢ እየኖሩ ንጹሕ፣ የተስተካከለና ያማረ ሆኖ ስለመታየት እናወጋለን። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ከጤና ውጪ ተደርጎ ቢታይም ከጤና ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። በተለይ የምናተኩረው በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱና በዶሎ ኦዶ ዓይነቶቹ ቆላማ ከተሞቻችን ላይ ነው። በእነዚህ አካባቢዎች ፀሐዩ፣ ቀዩ አቧራና የውኃው እጥረት ተደማምረው ነገሩን ከባድ ያደርጉታል። በሌላ በኩል ደግሞ ለገላና ለጸጉር የሚበጁ በርካታ ነገሮች የሚበቅሉት እዚሁ ደጃፋችን ላይ ነው።

ማማር የሀብታም ጉዳይ ነው፣ ወይም ለዲኑ የቀረበ ሰው ስለ ገጽታው አይጨነቅም የሚል አመለካከት በአንዳንዶቻችን ዘንድ አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውት ሙስሊም እንደዘገቡት፣ አንድ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምር መውደዱ ኩራት ይሆን እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በተጠየቁ ጊዜ ይህ ኩራት አለመሆኑን፣ ኩራት እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ መሆኑን አስረድተዋል። በአቡ ዳውድ ዘገባ ደግሞ ጸጉሩ የተንጨባረረ ሰው ሲያዩ ማስተካከያ አጥቶ እንደሆነ፣ ልብሱ የቆሸሸ ሰው ሲያዩም ማጠቢያ ውኃ አጥቶ እንደሆነ መጠየቃቸውን ጃቢር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ልብ በሉ፤ የጠየቁት ስለ ማበጠርና ስለ ውኃ እንጂ ስለ ውድ ልብስ አይደለም።

«ውኃውስ ከየት ይምጣ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው ቦረናና አጎራባች ቆላዎች ከብቶቻቸውን ያጡበት ድርቅ ገና ከትዝታ አልጠፋም። በደኅናው ጊዜም ቢሆን ውኃ በጀሪካን የሚገዛ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ገላን ለመታጠብ የሚያስፈልገው ውኃ ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ዉዱእ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውኃ ደግሞ ጉስል ያደርጉ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) የነገሩት በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ሙድ ማለት በመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ አንድ እፍኝ ሙሉ ሲሆን ሷዕ አራት ሙድ ነው፤ ይህም ሦስት ሊትር ገደማ ይሆናል። ሃያ ሊትር የሚይዘው አንድ ጀሪካን እንግዲህ ስድስት ሰው ያጥባል ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ በግማሽ ሊትር ገላን ማርጠብ፣ ከዚያ ውኃውን አስቀምጦ በሳሙና ማሸት፣ በመጨረሻም በቀረው ማለቅለቅ። ሳሙናው በቅድሚያ የሚያስፈልገው ለብብት፣ ለጉያና ለእግር ጣቶች መካከል ነው፤ የገላ ሽታ በብዛት የሚመጣው ከእነዚህ ቦታዎች ስለሆነ። ክንድና ጀርባ በየቀኑ በሳሙና ባይታሹ ምንም አይሆኑም፤ እንዲያውም በደረቅ አየር ሳሙና ሲበዛ ቆዳ ይሰነጠቃል። ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ጥቂት ቫዝሊን መቀባት እርጥበቱን ይዞ ያቆያል፤ ለዚህ ከቫዝሊን የበለጠ ውድ ቅባት አያስፈልግም። ለሕፃናት ፊት ደግሞ አንዲት ኩባያ ውኃ ጠዋትና ማታ በቂ ናት። ኢትዮጵያ ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዛባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ስትሆን፣ በሽታው የሚዛመተው በአብዛኛው ዓይናቸው አካባቢ ባልታጠበ ሕፃናት፣ በዝንብና በጋራ ፎጣ ነው።

ጥፍርን መቁረጥ፣ የብብትንና የኀፍረት አካባቢን ጸጉር ማስወገድና ቀድሞ ቀመስን ማሳጠር ከፊጥራ ሱናዎች መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ከአርባ ቀን በላይ እንዳይቆዩም ተወስኗል። ወጪው የአንድ ምላጭ ዋጋ ነው። ምላጩ ግን የራስ ይሁን። በጸጉር ቤት ለሌላ ሰው የዋለ ምላጭ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። በአልኮል ያልተጠረገ ቶንዶስም ቆረቆርን ከልጅ ወደ ልጅ ያሸጋግራል። አዲስ ምላጭ ከቤት ይዞ መሄድ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ጥሩ ጸጉር አስተካካይም በዚህ አይቀየምም።

አሁን ወደ ደጃፋችን ሀብት እንምጣ። በአማርኛ ቁርቁራ፣ በሶማልኛ ጎብ፣ በዐረብኛ ሲድር የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ የማያውቅ የቆላ ሰው የለም። ቅጠሉ ደርቆ ሲፈጭ ቀሲል ይባላል፤ ሶማሌ እናቶች ለፊትና ለጸጉር ከትውልድ ትውልድ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በውኃ ሲበጠበጥ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል የተፈጥሮ ማጽጃ ስላለበት ነው፤ ስለዚህ ስብንና አቧራን ያነሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው በሞተች ጊዜ በውኃና በሲድር እንድትታጠብ ማዘዛቸውን፣ ሴቶች ከወር አበባ በኋላ ለሚያደርጉት ጉስልም ሲድርን መጥቀሳቸውን ስናስብ፣ እናቶቻችን የያዙት ልማድ መሠረቱ ሩቅ መሆኑን እንረዳለን። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀሲል በለብታ ውኃ ለውሶ ፊት ላይ መቀባት፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መታጠብ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ዱቄቱ ወደ ዓይን እንዳይገባ፣ ሲነፋም እንዳይተነፈስ መጠንቀቅ ይገባል። መጀመሪያ የምትሞክረው እኅት በክርኗ ውስጠኛ በኩል ጥቂት ቀብታ አንድ ቀን ትጠብቅ። በገበያ ከሚሸጠው ይልቅ ቅጠሉን ራስ ለቅሞ ጥላ ላይ ማድረቅና መፍጨት ይመረጣል፤ በምን እንደተቀላቀለ አይታወቅማ።

ስለ ቅቤም አንድ ነገር እንበል። ለጸጉር ቅቤ መቀባት ደረቁን አየር ለመቋቋም የሚጠቅም የአገር ልማድ ነው፤ ቦረናዎችም ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሰው ቡና ቀላ ሲያዘጋጁ ቅቤው ለገላም ይተርፋል። ነገር ግን ቅቤው ትኩስና ጥቂት ይሁን፤ ከቀናት በኋላም ይታጠብ። በሂጃብ ሥር ያለ እርጥብና ቅቤ የበዛበት ጸጉር ፎሮፎር ያመጣል፤ ይሸታልም። ጸጉር ሳይደርቅ ሂጃብ አይደረግበት፤ ቤት ሲገባም ይናፈስ። ሹሩባም ቢሆን ግንባርን እስኪወጥር መጥበቅ የለበትም፤ የግንባርን ጸጉር መልሶ እንዳይበቅል አድርጎ ይነቅለዋል።

ይህ ሁሉ እያለ በብዙ ሱቆች ከሳሙናው አጠገብ ተደርድረው የምናያቸው ፊት ያቀላሉ የሚባሉ ክሬሞች ናቸው። በተለይ ኒካሕ ሲቃረብ ሙሽራይቱ ካልቀላች የማይሆን የሚመስላቸው ዘመዶች አሉ። እዚህ ላይ ጠንከር ብለን መናገር ግድ ይለናል። በእነዚህ ክሬሞች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሜርኩሪ ነው፤ በቆዳ ሰርጎ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፣ በማኅፀን ወዳለው ጽንስና ወደ ጡት ወተት ይተላለፋል፣ ክሬሙን ያልተቀቡ ልጆችንም በፎጣና በትራስ በኩል ሊደርሳቸው ይችላል። በማሸጊያው ላይ ካሎሜል ወይም መርኩሪክ የሚል ቃል ካለ ይህ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ምንም አይጽፉም። ሁለተኛው ክሎቤታዞል የሚባል ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ሐኪም ለአጭር ጊዜ፣ ለተወሰነ ሕመም ያዘዋል። በየቀኑ ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያሳያል፣ ብጉር ያወጣል፣ በዓይን አካባቢ ሲውል የዓይን ግፊትን ሊጨምር ይችላል። ሦስተኛው ሃይድሮኪኖን ሲሆን ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ሊያጠፋው ተፈልጎ የነበረውን ጥቁረት ሰማያዊ መልክ ባለው፣ በማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተካዋል።

ሜርኩሪ ምን ያህል እንደሚፈራ ለማወቅ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚቆጣጠረው ስምምነት ሚናማታ በተባለች የጃፓን ከተማ መጠራቱ ይበቃል፤ የዚያች ከተማ ሰዎች ፋብሪካ ወደ ባሕር በለቀቀው ሜርኩሪ የተመረዘ ዓሣ በልተው ነው የተጎዱት። እ.ኤ.አ. በ2023 በጄኔቫ የተሰበሰቡት የስምምነቱ አገሮች ሜርኩሪ የተጨመረበትን መዋቢያ ሁሉ በ2025 ለማስቀረት ተስማምተዋል። ወሰን ላይ ባሉ ከተሞች ግን ስምምነት በወረቀት ቀርቶ ክሬም በጓዝ ይገባል። ደግሞም የቆላ ፀሐይ ላይ የሚኖር ሰው ጥቁረቱ ከአላህ የተሰጠው ጥላ ነው፤ በክሬም የሳሳ ፊት በዚያ ፀሐይ መቃጠሉ አይቀርም። ስቴሮይድ ያለበትን ክሬም ለወራት የቀባች እኅት በአንድ ቀን ስታቆም ፊቷ ሊቀላና ሊያቃጥላት ይችላል። ይህ ክሬሙ እንደሚያስፈልጋት ምልክት አይደለም። ቱቦውን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ቀስ በቀስ የምታቆምበትን መንገድ ትጠይቅ። ሜርኩሪ አለበት ተብሎ የሚጠረጠረው ግን ወዲያው መቆም አለበት።

ሂና ለሴቶች የተወደደ ጌጥ ነው፤ ርካሽም ነው። እውነተኛው ሂና ከብርቱካንማ እስከ ቀይ ቡናማ ቀለም ይሰጣል፤ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁር የሚሆነው «ጥቁር ሂና» ግን የጸጉር ቀለም ኬሚካል የተደባለቀበት ስለሆነ እጅን አሳብጦ ውኃ ያስቋጥራል፤ ጠባሳውም ሊቀር ይችላል። ኩልንም በተመለከተ፣ በገበያ የሚሸጠው አብዛኛው የእርሳስ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል ለሕፃናት ዓይን ባይደረግ ይሻላል። እርሳስ የልጅን አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ሕፃን ደግሞ ዓይኑን አሽቶ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል።

ወደ ልብስ ስንመጣ፣ ሁለት ጀለቢያ ወይም ሁለት ጅልባብ በአግባቡ የተያዘ ከስድስት የተጨማደደ ይበልጣል። ሰልባጅ መግዛት ነውር የለውም፤ ከውስጥ ልብስ በስተቀር። የተገዛውን ልብስ ግን ሳያጥቡ መልበስ እከክና ቅማል ሊያመጣ ይችላል። በላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ አንድ ሳምንት ማቆየት፣ ከዚያ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣትና በካውያ መተኮስ ይበቃል። ነጭ ለጁምዓ የተወደደ ቀለም ቢሆንም በቀይ አፈር አገር ይፈትናል። አቧራው ደርቆ ሳለ ማራገፍና መቦረሽ ይቅደም፤ ውኃ ከነካው ጭቃ ሆኖ ይሰርጋል። የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ማዕድን ስለሚበዛበት ሳሙናው አረፋ አያወጣም፣ ነጩም እያደር ይወይባል፤ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ጥቂት ሎሚ መጭመቅ ይረዳል። በረኪና ለነጭ ጥጥ ብቻ ይሁን፤ በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አታደባልቁ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። ልብስን በእጣን ማጠን መልካም ነው፤ ከሰሉ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ሕፃን በተኛበት አይሁን።

ለአፍ ሲዋክ አለን። በቆላው የሚበቅለው የመፋቂያ ዛፍ በውስጡ ጀርሞችን የሚያዳክም ነገር አለው፤ ጫፉ በየቀኑ ተቆርጦ አዲስ ይኘክ፤ ድድን ሳይሆን ጥርስን ይፋቅ። ጫት የሚቅም ሰው ግን ጥርሱን ሲዋክ ብቻ ያነጣልኛል ብሎ አይጠብቅ። ነጭ ሽንኩርት በልቶ ወደ መስጂድ መምጣት መከልከሉንም እንዳንረሳ።

በመጨረሻ አመጋገብ። የገረጣ ፊት፣ የሚሰባበር ጥፍርና የሚረግፍ ጸጉር ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክቶች ናቸው፤ በክሬም አይሸፈኑም። ወተት ለአጥንት ቢጠቅምም ብረት የለውም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በወተትና በሻይ ብቻ የሚውል ልጅ ይገረጣል። ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋና ጉበት ይጨመርለት፤ ፓፓያ ወይም ሎሚ አብሮ ሲበላ ብረቱ በደንብ ይሰርጋል። የግመል ወተት ከላም ወተት የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ይፈላ እንጂ። ሻይና ቡና የምግብን ብረት ስለሚይዙ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠጣት ይመረጣል፤ በረመዳን ኢፍጣር ላይም ቴምሩና ውኃው ይቅደም፣ ሻዩ ከተራዊሕ በፊት ይድረስ።